ልክሽ አይደለም

ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ክኒን አውቶቡስ መናኸሪያው መሃል ቆማ ሦስት ጊዜ ቆጠረቻት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሦስት ሆነች።

«የላክሽውን አይቻለሁ። ልክሽ አይደለም። እንዲሁ ይቅር።»

ወረቀቷ የአውቶቡሱ ሾፌር ባመጣላት ካፖርት አንገት ላይ በመርፌ ቁልፍ ተያይዛለች። ጽሕፈቱ የእሱ ነው። ጨርቅ ላይ በጠመኔ ማስመር የለመደ እጅ የጻፈውን ከሺህ ጽሕፈት መሃል ትለየዋለች። ገልብጣ ጀርባዋን አየች፤ ባዶ ነው። አንድ «ውዴ» የለ፣ አንድ «ናፍቀሽኛል» የለ፣ ፊርማ እንኳን የለ።

«ክኒንዬ፣ ምነው? መጥፎ ወሬ ነው እንዴ?» አላት ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

ይህቺን «ደህና ነኝ» ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንዳለቻት ፈጣሪ ይወቀው። በየእሁዱ አባቷ የዶርሙ ጥበቃ ክፍል ባለው ስልክ ሲደውል «ደህና ነኝ»፤ አስተማሪ ሲጠይቃት «ደህና ነኝ»፤ አሁን ደግሞ ለሾፌሩ «ደህና ነኝ»። እንዲህ ካለች በኋላ እዚያው የአውቶቡስ መቆሚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፣ ካፖርቱን ታቅፋ።

ለነገሩ ክኒን ስሟ አይደለም። አባቷ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፣ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ትንሽዬ ናት፤ ሁለቱን ገጣጥሞ «ክኒን» ብሎ ስም ያወጣላት ይኸው የሦስቱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቀበለውና ቀረ።

እሷ የላከችለትኮ አራት ገጽ ነበር! አራት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ!

ኮሌጅ ከገባች ሰባት ወሯ ነው፤ በነዚህ ሰባት ወራት አንድ ቀን ከልቧ ስቃ አታውቅም። ክፍሉን የሚጋሩት አራት ሆነው ነው፤ ሦስቱ ከአንድ ትምህርት ቤት አብረው የመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ክፉዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልታ በወጣላት። ቀልዳቸው የስድስት ዓመት ቀልድ ነው፤ አንዷ «የዚያን ቀን ዲሬክተሩ» ብላ ስትጀምር ሁለቱ ገና ሳትጨርስ በሳቅ ይፈርሳሉ። ክኒንም ምኑም ሳይገባት አብራ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ፈገግታዋ ራሷን ያሳፍራታል። ምሳ የምትበላው ግድግዳ ፊት ለፊት ዞራ ነው፣ ብቻዋን መሆኗን ሰው እንዳያይባት። የኬሚስትሪ ውጤቷ ከመቶ ሠላሳ ስምንት መጣ። ፋርማሲን የመረጠችው እሷ አይደለችም፤ አባቷ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ያሳደጋትን አባት እምቢ የምትልበት አፍ ከየት ታምጣ?

ይህን ሁሉ ነው በአራት ገጽ የጻፈችለት። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብላ ነበር፦ «የዝውውር ቅጽ ወስጃለሁ። የእኛ ከተማ ኮሌጅ ይቀበለኛል፤ የአባዬ ፊርማ ብቻ ነው የሚቀረው። ልምጣ ወይስ እዚሁ ልቅር? አንተ ብቻ ነይ በለኝ።»

ሌላ ጊዜ ደብዳቤዋን ለሾፌሩ በእጁ ነበር የምትሰጠው። ነገር ግን ሾፌሩ የአባቷንም የመድኃኒት ካርቶን የሚያመላልስ ሰው ነው። ባለፈው ወር ደብዳቤዋን ከካርቶኑ ጋር አደባልቆ አባቷ ባንኮኒ ላይ ሊያራግፈው ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ የአሁኑን ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ከተተችና ቁልፉን ቆለፈችበት። ካፖርቱ ያለዚያም መሄዱ አልቀረም፤ ከስታ ትከሻዋ ላይ ይንዘላዘል ነበርና መጥበብ ነበረበት። ወገቧንና ደረቷን በሲባጎ ለክታ፣ ሲባጎውን በማስመሪያ ቆጥራ፣ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ አንገቱ ላይ አያያዘችው።

መልሱ ይኸው። ልክሽ አይደለም።

* * *

ዶርም ስትገባ ካፖርቱን እንደታጠፈ አልጋዋ ስር ወረወረችው፤ ልትነካውም አልፈለገች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ስታለቅስ ድምፅ የማታሰማ ይመስላት ነበር።

«አንቺ… ምን ሆነሽ ነው?»

ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ሳቂታዋ ናት። ሳቂታ የሚሏት ሲያስነጥሳት እንኳን ስለምትስቅ ነው፤ አሁን ግን አልሳቀችም። ክኒን ወረቀቷን ዘረጋችላት። ሳቂታዋ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ሁለቱን ጓደኞቿን በዓይኗ ጠራቻቸው።

«እጮኛሽ ነው?»

«ነበር መሰለኝ።»

«ይሄማ ምን ተርጓሚ ያስፈልገዋል፣ እህቴ። ‹ልክሽ አይደለም› ማለት አልመጥንሽም ማለት ነው። ወንዶች ጥለው ሲሄዱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሄዱት፤ ትሕትና ያስመስሉታል።»

«‹እንዲሁ ይቅር›ስ?»

«እሱማ በቃ፣ ነገሩ ይቅር ነዋ!»

ከዚያ አንዷ ሻይ ልታፈላ ተነሳች፤ ሌላዋ ከሎከሯ ዳቦ አወጣች፤ ሳቂታዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር። ሰባት ወር ሙሉ እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«እኛኮ ኩሩ መስለሽን ነው» አለች ሳቂታዋ ቆይታ። «የባለ መድኃኒት ቤት ልጅ ናት፣ አትፈልገንም ብለን።»

ክኒን ሻዩንም እንባዋንም አብራ ዋጠችው። ፍቅሯ በተቀበረበት ቀን ጓደኛ ማግኘቷ ገርሟት፣ ደስ ይበላት ይክፋት እንኳን ግራ ገባት።

* * *

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ በአንድ መንገድ መሻገር።

የአባቷ መድኃኒት ቤትና የልብስ ስፌቱ ሱቅ ፊት ለፊት ናቸው፤ መሃላቸው መንገድ ብቻ ነው ያለው። እሷ ክረምት ክረምት ባንኮኒው ጀርባ ሆና ታግዛለች፤ እሱ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ቀና ሲሉ መተያየት ነው፣ ሲተያዩ መደንገጥ ነው፣ ሲደነግጡ አጎንብሶ ሥራ መምሰል ነው። አንድ ቀን የአባቷ ነጭ ጋዋን ጠርዙ ተተረተረና እሷ ይዛው ተሻገረች። እሱ ጋዋኑን ተቀብሎ መልሶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«ኪሱን አንቺ አራግፊልኝ።»

«ባዶ ነውኮ።»

«ባዶም ቢሆን። እኔ የሰው ኪስ አልገባም።»

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ በወጣትነታቸው የደንበኛ ኪስ ገብተው አንዲት ወረቀት አገኙና ለሚስቱ በቅንነት መለሱላት አሉ። ወረቀቷ የሌላ ሴት ነበረች። ትዳሩ ፈረሰ፣ ደንበኛውም ሽማግሌውን ሊደበድብ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መርፌህ የፈለገበት ይግባ፣ እጅህ ግን የሰው ኪስ አይግባ» ብለው አስተማሩ። ክኒን ይህን ሰምታ እየሳቀች እጇን ስትከት፣ ባዶ ነው ካለችው ኪስ ውስጥ የአባቷ ቴርሞሜትር ወጣ። ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

«ሰፊው» ትለዋለች። «ፊ» ላላ ሲል ሙያው ነው፤ ጠበቅ ሲል ቀልድ ነው፣ ሰውዬው እንደ መርፌው ቀጭን ነውና። አባቷ ደግሞ ስለ እሱ ሲነሳ «ጎበዝ ልጅ ነው» ይላል፤ ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ «ለሰፊ» ብሎ ይጨምርበታል። በዚህች «ለሰፊ» ምክንያት ነው ፍቅራቸው ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን በግልጽ ያልተሻገረው።

ኮሌጅ ልትሄድ ስትል ካፖርቱን የሰፋላት እሱ ነው። ለስፌቱ ከውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ተወለት። «ለምን?» ብትለው «ሰው ያድጋል» አላት። ታዲያ ይህን ያለ ሰው ነው ዛሬ እንዲሁ ይቅር የሚለው?

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሳቂታዋ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት።

«አስፈርመሽ ልትመለሺ ነው ወይስ በዚያው ልትቀሪ?»

«አላውቅም።» እውነቷን ነው። ቅጹ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ የሚገባበት ቀን ስድስት ሳምንት ይቀረዋል። ግን አሁን ዝውውሩ ወዴት ነው? ልትመለስለት የነበረው ሰው ነይ አላላትም። ልትተወው የነበረው ክፍል ደግሞ ሻይ አፈላላት። ከሁለቱ የቱ ቤቷ እንደሆነ ጠፋባት።

መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታጠና መጣች። አንደኛ እንዲህ እለዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዲህ እለዋለሁ፣ አላለቅስም። ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ አባቷ ዘንድ ሳትዞር ቀጥታ ስፌት ቤቱ ገባች። እሱ ካውያውን እንደያዘ ቀና አለ፣ ፊቱ ፈካ፤ «እንኳን ደህና…» ሲል ካፖርቱ ደረቱ ላይ አረፈ። ያጠናችው ሁሉ ጠፋ።

«ይኸው! ልኬ ካልሆነ ልክህ ለሆነችው ስጣት!»

«ክኒን፣ ቆይ…»

«አልቆይም! ሦስት ዓረፍተ ነገር! ውሻ እንኳን ሲባረር ከዚህ የበለጠ ይባላል!»

ሰፊው ካውያውን አስቀመጠ። እሱም ተራውን ጠቆረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምታው አታውቅም ነበር።

«ቁጥር ልከሽልኝ ምን ልጻፍልሽ? ሰባት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስትልኪ ኖረሽ፣ ድንገት ካፖርትና ቁጥር! ወገብ ይህን ያህል፣ ደረት ይህን ያህል! አንድ ‹እንዴት ነህ› እንኳን የለው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ! ገባኝ አልኩ፤ ኮሌጁ ውስጥ ሌላ ሰው አግኝታለች፣ እኔ ከእንግዲህ ልብስ ሰፊ ብቻ ነኝ አልኩ።»

«የምን ቁጥር ብቻ? አራት ገጽ ሙሉ ልቤን አውጥቼ የጻፍኩልህስ?»

«የምን አራት ገጽ?»

ክኒን ቀስ ብላ ካፖርቱን ከእጁ ወሰደች። ገበሩን ገለጠች። የውስጥ ኪሱ ቁልፍ እሷ እንደቆለፈችው ነው። ከፈተችው፤ እጇን ከተተች፤ አራቱ ገጽ ታጥፎ እንደተቀመጠ ወጣ።

«ኪሱን አልፈተሽክም» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«የሰው ኪስ አልገባም» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ አጎንብሶ።

አይ የሰው ነገር! ይህን ደንቡን እያወቀች ረስታው ነበር። ልትስቅ ነበር፣ እንባዋ ቀደማት። እሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጠርጎ ደብዳቤውን ተቀበላትና እዚያው ቆሞ አነበበ። እሷ ፊቱን ታነብ ነበር። አንደኛው ገጽ ላይ ግንባሩ ተቋጠረ። ሁለተኛው ላይ፣ ግድግዳ ዞራ የምትበላው ምሳ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። አራተኛውን ጨርሶ በድሮው እጥፋት ላይ ልክ በልክ መልሶ አጠፈው።

«ታዲያ ‹የላክሽውን አይቻለሁ› ያልከው…»

«ቁጥሩን ነዋ! ልክሽን አውቀዋለሁ እኮ። ስትሄጂ ወገብሽ ስልሳ ስድስት ነበር፤ ሃምሳ ስምንት ብለሽ ላክሽልኝ። ይሄ የእሷ ልክ አይደለም፣ የሕመም ልክ ነው አልኩ። ሽማግሌው ‹በታመመ ሰው ልክ ጨርቅ አትቁረጥ፣ ሲድን አይሆነውም› ይሉኝ ነበር። ካፖርቱ እንዲሁ ይቅር፣ አላጠብበውም፣ ተመልሰሽ ትሞይዋለሽ ማለቴ ነው።»

«እንዲህ ብለህ አትጽፍም ነበር?»

«ሾፌሩ ክላክሱን እየነፋብኝ! ደግሞም ተናድጄ ነበር፣ ደግሞም ፈርቼ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ሌላም ነገር አለ፤ ትቆጪኛለሽ።»

«ምን?»

«መንገዱን ተሻገርኩ።»

ክኒን ቀጥ አለች።

«ሁለት ቀን ታገስኩ፣ አልቻልኩም። ሐሙስ ዕለት ገብቼ ‹ጋሼ፣ ልጅዎ ታማለች መሰለኝ፣ ወገቧ በስምንት ሳንቲ ሜትር ቀንሷል› አልኳቸው።»

«ወይኔ! እሱስ?»

«‹የልጄን ወገብ አንተ በምን አወቅህ?› አሉኝ።»

«ምን አልከው?»

«በሜትር።»

ይህን ያለው እየቀለደ አልነበረም። ክኒን ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው፦ ከአሁን ከአሁን ተያዝን ብሎ ሁለት ዓመት የተደበቀ ሰው፣ አንድ ቁጥር አስደንግጦት ምስጢሩን ሁሉ ይዞ በጠራራ ፀሐይ መንገድ መሻገሩ። እሷኮ ሌላ ሰው ያገኘች መስሎታል፤ ተናድዶባታል፤ ያም ሆኖ ተሻገረ። እንዲህ ተወድጄ ኖሬያለሁ እንዴ አለች በልቧ።

* * *

«ቤትሽ ማዶ ይመስለኝ ነበር» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ።

አባቷ ነው። ነጩን ጋዋን እንደለበሰ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ቆሟል። ሊቆጣ የመጣ ሰው አመጣጥ ነው። ግን ልጁን ሲያያት መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ከጫማዋ እስከ ጸጉሯ አያት፤ የቀሚሷን አንገት፣ የእጇን አንጓ አየ።

«በየእሁዱ ደህና ነኝ አላልሽኝም?»

አፏ ለምዷል፤ «ደህ…» ብሎ ጀመረ። እዚያ ላይ አቆመች።

«ደህና አይደለሁም፣ አባዬ።»

ከተናገረችው በኋላ ማቆም አቃታት። «ምንም ደህና አይደለሁም። ብቻዬን ነኝ። ትምህርቱ አይገባኝም፤ ወደቅኩ። አንተ ደግሞ በስልክ ‹ጎበዟ ልጄ› ትለኛለህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

አባቷ የደንበኛ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። አገር ምድሩ ሕመሙን ይዞ የሚመጣበት ሰው፣ አሁን ራሱ በሽተኛ መሰለ።

«ስልኩን ስዘጋ ደስ እያለኝ ነበር የምተኛው» አለ። «የሰው ሁሉ ሳል ከበር ይሰማኛል፤ የገዛ ልጄን ድምፅ ግን በየሳምንቱ እየሰማሁ ምንም አልሰማሁም።» ወደ ሰፊው ዞረ። «ይሄ ልጅ ከወረቀት ላይ ቁጥር አንብቦ አወቀ። እሱም መርፌ አለው፣ እኔም መርፌ አለኝ። የእኔው ምን ሠራ?»

«ጋሼ…»

«ቆይ። ሐሙስ ዕለት የመለስኩለትን ነግሮሻል?»

«በምን አወቅህ አልከው።»

«ከዚያ በኋላ ያልኩትንስ?»

ክኒን ሰፊውን አየችው። እሱ ጣቱ ላይ ክር እየጠመጠመ ነው።

«አይነግርሽም፤ ጨዋ ነው። ‹መርፌህን ይዘህ ወደ ማዶህ› ብዬ ሰው ፊት አባረርኩት። ለልጄ ተጨንቆ የመጣውን ሰው።» አባቷ ከዱካው ተነሳ። ጋዋኑን አስተካከለ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉኝ፣ ጋሼ!» ሰፊው ደንግጦ ብድግ አለ፤ የሚለው ጠፋው። «እንዲሁ… እንዲሁ ይቅር።»

ክኒን ሳቀች። ከሰባት ወር በኋላ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ እየተንፈቀፈቀች ሳቀች። አባቷ ምን እንዳሳቃት አልገባውም፤ ግን ሳቋን ሲሰማ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፣ መነጽሩንም አውልቆ ጠረገ።

ቅጹን ያኔ ነው ያወጣችው። ተቆራጭ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። አባቷ አነበበው። ለሰፊውም ከማዶ ተገልብጦ ታየው።

«ልትዛወሪ ትፈልጊያለሽ?»

እሷ ወደ ሰፊው ዞረች። «ደብዳቤዬን አንብበሃል። መልስልኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር?»

እሱ ቅጹን አየ፣ እሷን አየ። ዓይኑ ነይ ይል ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም፣ አባቷም ሳያየው አልቀረም።

«ነይ ብልሽ ለእኔ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቅሪ ብልሽም ለእኔ ብዬ ነው፤ ቁምነገረኛ ነው እንድባል። ሁለቱም ያንቺ ልክ አይደለም። እኔ የማውቀው ካፖርቱን ነው፣ ክኒን። በታመመ ሰው ልክ አልቆርጥም። መጀመሪያ ትዳኚ። ከዚያ እዚህም ቁረጪ፣ እዚያም ቁረጪ፣ መቀሱ ያንቺ ነው። እኔ እንደሆንኩ ሰው ስጠብቅ አልቸኩልም፤ ሥራዬ ቁጭ ማለት ነው።»

«የምፈልገውን አላውቅም» አለች። አላውቅም ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳፈራትም። «ረቡዕ ጠዋት ብትጠይቁኝ ኖሮ ዛሬውኑ እላችሁ ነበር። ረቡዕ ማታ ደግሞ ልጆቹ ሻይ አፈሉልኝ።»

አባቷ ከጋዋኑ ደረት ኪስ እስክሪብቶ አወጣና ፈረመ። ቀን የሚጻፍበትን ባዶ ተወው።

«ያዢው። በር ያለው ቤት እስር ቤት አይባልም። ልትወጪ ስትፈልጊ ቀኑን ጽፈሽ ትሰጫቸዋለሽ፤ ካልፈለግሽ ቀድደሽ ትጥይዋለሽ። ፋርማሲውንም ብትተዪ የመድኃኒት ቤቱ ጣሪያ አይወድቅም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ከእንግዲህ ደህና ነኝ አትበይኝ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«ቁጥር ንገሪኝ። እሁድ እሁድ የወገብሽን ቁጥር።» ከዚያ ሊወጣ ደጁ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ጀርባውን እንደሰጠ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ደግሞ ልኳን ውሰድ። በሲባጎ የሚለካ ልክ አላምንም። አሁን፣ እኔ እዚህ እያለሁ።»

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሁለት ዓመት ተፋቅረው እንዲህ ቀርቧት አያውቅም። በሜትሩ ዙሪያዋን ሲያቅፋት ትንፋሹን እንደያዘ ገባት፤ እሷም ይዛ ነበር።

«ሃምሳ ስምንት» አለ። ወረቀት ላይ ጻፈው። አጠገቡ ለሚቀጥለው ቁጥር ቦታ ተወለት።

* * *

እሁድ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ክኒን ካፖርቱን ለብሳ ቆማለች። አሁንም ይሰፋታል፤ ግን ሲሰፋት አልከፋትም። አባቷ ሾፌሩን ስለ ተሰበረ ሽሮፕ እየተጨቃጨቀው ነው። አንድም ሽሮፕ አልተሰበረም። ጀርባውን ለመስጠት ሰበብ ፈልጎ ነው።

ሰፊው መርፌ ይዞ መጥቷል፣ ክር የተሰካበት። ቅጹ መንገድ ላይ እንዳይወድቅባት የውስጥ ኪሱን አፍ ላላ አድርጎ ሊሰፋላት ነው። «ስትፈልጊው ክሩን ጫፉን መሳብ ነው፤ ሙሉውን ይለቅልሻል» ብሏታል። ወረቀቱ ግን ኪሱ ውስጥ ተጣጥፎ ወደ ላይ ወጥቷል፣ መስተካከል አለበት። መርፌውን እንደያዘ ቆመ።

«ምነው?»

«ወረቀቱን አንቺ አስተካክዪልኝ።»

«አንተስ እጅ የለህም?»

«ታውቂያለሽ አይደል… የሰው ኪስ አልገባም።»

ክኒን ካፖርቱን ከፈት አድርጋ ያዘችለት። ዓይን ዓይኑን አየችው፤ መንገድ የለ፣ መስኮት የለ፣ የሚያጎነብሱለት ሥራ የለ።

«እኔ ታዲያ የሰው ነኝ?»

ሰፊው እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰክቶ፣ ሥራ ከጀመረ አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ኪስ ውስጥ አስገባ፤ ወረቀቱን ወደ ታች አስተካክሎ አስቀመጠው። ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። እሱ ግን እጁን ለማውጣት አልቸኮለም።